ፍጥነት ለሚቸኩል ሰው

በመስኮት በኩል ሰው እያስተናገደ የሚያድር ሁሉ እኚህን ሽማግሌ ያውቃቸዋል። የሌሉበት መሥሪያ ቤት የለም። ሌላው ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከትቶ በሚሄድበት ዋጋ ላይ እሳቸው ገና ድርድር ይከፍታሉ። የቤት ኢንተርኔት በሚሸጥበት በዚህኛው አዳራሽ ሠራተኞቹ "ክቡር አይቸኩሉም" የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

ስሙን ያወጣችላቸው የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ናት፤ ምክንያትም ነበራት። ሰውየው መስመር ሊያስገቡ የመጡ ዕለት የፍጥነቱን ዓይነት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ጉሮሮዋ እስኪደርቅ አስረድታ፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ የትኛው ይሁንልዎት?" ስትላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

"የኔ ልጅ፣ ፍጥነት የሚሸጠው ለሚቸኩል ሰው ነው። እኔ የት ልሄድ ነው?"

ዝቅተኛውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ወር በመጣ ቁጥር ባርኔጣው መደርደሪያው ላይ ነው። በስልክ መክፈል እንደሚቻል ብትነግራቸው፣ "በስልክ ማን ይከራከረኛል?" አሏት።

ደግሞም ክርክር ያውቁበታል። አንድ ጊዜ የሌሊቱ ሒሳብ ይቀነስልኝ ብለው መጡ። "እኛ ተኝተን እናድራለን። ኢንተርኔቱ ለማን ነው ሲሠራ የሚያድረው?" ሌላ ጊዜ ደግሞ የጎረቤታቸው መስመር ፈጣን መሆኑን ሰምተው፣ "ግድግዳችን አንድ ነው፤ ወደኛ ትንሽ አያልፍም?" ሲሉ በክብር ጠየቁ። በሰዓት እንደማይሸጥና በግድግዳ እንደማያልፍ ስታስረዳ ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ሰዓቱን ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። እሳቸው እቴ! የጎረቤት መስኮት ሠራተኛ ባርኔጣውን ከሩቅ ሲያይ እስክሪብቶ የወደቀበት መስሎ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። እሷም ብትሆን 'ዛሬስ አይምጡብኝ' ብላ ትጸልይ እንደነበር አትክድም።

አንድ ቀን አቤቱታ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ከአልጋ ከዋለች ሰንብታለች። ሴት ልጃቸው ሩቅ አገር ሠራተኛ ናት፤ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ግን ምስሉ ይቆማል።

"አፏን እንደከፈተች ትቀራለች" አሉ። "እናትየው ደግሞ አይገባትም፤ ለቆመው ምስል ታወራለች። ትናንት 'ምሳ በላሽ ወይ? ለምን ዝም ትይኛለሽ?' ስትለው ዋለች።"

"ጋሼ፣ ከፍ ያለውን ይውሰዱና ይገላገሉ።"

የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ዙሪያውን ሄዱበት። "መድኃኒቱም ጨመረ እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "ጥቂት ብትቀንሺልኝ ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ደንገጥ ያለችው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው የሚከራከሩት ለጨዋታ ይመስላት ነበር። የምትቀንሰው ነገር ግን አልነበራትም።

በቀጣዩ ሲመጡ ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

"ትልቁን ስጪኝ።"

"የቱን ትልቁን ጋሼ?"

"የመጨረሻውን።"

ዋጋውን ነገረቻቸው። ይከራከሩኛል ብላ ጠበቀች፤ ብሩን አውጥተው አስቀመጡት። እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። "ነገ ጠዋት ይለቀቅልዎታል" አለች፤ ደንቡ ስለሆነ።

"ነገ አይሆንም፣ የኔ ልጅ። ዛሬ እቸኩላለሁ።"

ተነስታ አለቃዋ ቢሮ ገባችና ዛሬውኑ እንዲለቀቅላቸው ጠየቀች። አለቃው ደንብ ጠቀሰ፤ እሷ ደገመችለት፤ እሱም ደገመ። በመጨረሻ እንባዋ ሲመጣ ጊዜ አለቃው ደነገጠና ራሱ ቁልፉን ተጫነው። ሽማግሌው ቤታቸው ሳይደርሱ ተለቀቀላቸው።

ወሩ ሲያልቅ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል።

"ወደ ድሮው መልሺኝ።"

"ምነው ጋሼ፣ ምስሉ ቆመ እንዴ?"

"ኧረ አልቆመም። ጥርት ብሎ ነበር፤ እናትና ልጅ ጠግበው ተያዩ።" ባርኔጣቸውን አገላበጡት። "መጨረሻ ላይ ግን ልጅቷ የቆመ መሰላት። 'አባዬ፣ እማዬ ላይ ምስሉ ቆመ፤ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጥፍተህ አብራው' አለችኝ። አልቆመም ልጄ፣ አልኳት።"

ወደ ዝቅተኛው መለሰቻቸው፤ ዋጋውን ነገረቻቸው። ሳይከራከሩ ሊከፍሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይኼንን ግን አልቻለችም።

"ጋሼ፣ ሌሊትም እኮ ነው የሚሠራው" አለች። "ተኝቼ ለማን ነው የሚሠራው አይሉኝም?"

ቀና ብለው አዩዋት። ፈገግ ሊሉላት ሞክረው ነበር።

"አሁንማ መች እተኛለሁ ብለሽ።"

መስኮቷን ዘጋች። በሠራተኛ በር ዞራ ወጥታ እጃቸውን ያዘችና ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ይዛቸው ተቀመጠች። ባርኔጣው በመካከላቸው ወንበሩ ላይ ነበር። ስንት ወር ሙሉ አይምጡብኝ ብላ የጸለየችባቸው ሰው ናቸው፤ አሁን ተነስተው እንዳይሄዱ እጃቸውን አልለቅ አለች።

ሰልፉ ተንጫጫ። "እህት!" አለ ከፊት የቆመው ሰውዬ፣ ሰዓቱን እያሳየ። "ኧረ ቸኩለናል እኮ!"

"የት ልትሄዱ ነው?" አለችው።