የኮልፌው ሱቅ የማን ነበር?

ተጠራጣሪ ሰው አይታለልም የሚላችሁ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩት። እኔ ማንንም ሳላምን ኖሬ፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ በቅሎ የሚያህል ሀብት ዓይኔ እያየ ተበልቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ ላይ ስድስት ሆነን አዋጥተን ሱቅ ከፈትን። ጨውና አቡጀዲ እንሸጣለን፤ ዋናው ገበያችን ግን ላምባ ነው። የእኔ መዋጮ የመጣው ከባለቤቴ ከአስካለ በቅሎ ሽያጭ ነው። አስካለ ኮርቻውን አልሸጥም ብላ አስቀርታ፣ “ሱቁ ከከሰረ ቤተ ክርስቲያን ተሸክመህ የምታደርሰኝ አንተ ነህ” አለችኝ። ስትቀልድ አልመሰለኝም።

ሻጫችን አቶ ደስታ ፈገግታ ያበዛል። በዚያ ዘመን ሰው ምን አግኝቶ ነው ፈገግ የሚለው? ስለዚህ ከመካከላችን ተቆጣጣሪ መረጥን፤ ግራዝማች ወንድሙን። ግራዝማች ሚስታቸው ራሷ ሳትቀምስላቸው ውሃ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ከዚህ የበለጠ ተቆጣጣሪ ከየት ይመጣል?

በየወሩ የላምባውን ቆርቆሮ ሁሉ ያስከፍታሉ፣ ጣታቸውን ይነክራሉ፣ ያሸታሉ፣ “ላምባ ነው! ሙሉ ነው!” ብለው ያውጃሉ። እኛ ደግሞ እሳቸውንም ስለምንጠረጥር በተራ እንነክራለን። በዚያ ሰሞን ዝንብ እንኳ አትጠጋንም ነበር። ሒሳቡ ሙሉ ነው፣ እቃው ሙሉ ነው፤ ትርፉ ብቻ የት እንደገባ አይታወቅም።

አንድ ቀን አንድ የጣሊያን መኮንን ላምባ ገዝቶ ሄደ። በማግስቱ ከወታደሮችና ከአስተርጓሚ ጋር እየጮኸ መጣና ቆርቆሮውን ደጃፋችን ላይ ገለበጠው። መጀመሪያ ትንሽ ላምባ ፈሰሰ። ከዚያ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ላምባ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ጠፍቶን ነው? እናውቃለን። ጣታችን ግን አጭር ነው።

አስተርጓሚው ሱቁ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። እስከ ትናንት በባለቤትነት ስንጣላ የከረምን ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ግራዝማች መንገደኛ ነኝ አሉ። እኔ ጨው ልገዛ ነው የመጣሁት አልኩ። የቀሩትም ጨው ልንገዛ ነው አሉ። አስተርጓሚው ኮልፌ ይህን ሁሉ ጨው ምን ታደርገዋለች ብሎ ተገረመ።

አቶ ደስታ ብቻ ፈገግ ብሎ፣ “የእኔ ነው” አለ። ወሰዱት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የማማው ጀግናን ኖሯል!

ብዙም ሳይቆይ ቅጣቱን ከፍሎ ተፈታ። በማን ብር እንደከፈለ አትጠይቁኝ። ከስረናል፣ እንግዲህ የተረፈውን እንካፈል ብለን ስድስታችንም ሄድን። አቶ ደስታ በአክብሮት ተነሥቶ ተቀበለን።

“ጌቶቼ፣ ሱቁ የማን እንደሆነ እኮ በመንግሥት ፊት ተጣርቷል። ምስክሮቼም እናንተው ናችሁ” አለና ሚዛኑን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። “እርስዎ ጨው ነበር ያሉት፤ ስንት ልመዝንልዎ?”

ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አስካለ የኮርቻውን አቧራ አራግፋ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።