ነፋስ ላይ የሚሠራ አማች

እንደኔ ያለ የሙያ ስም የተሸከመ ሰው፣ ሚስት ከመፈለጉ በፊት ሌላ ሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል። ሐኪም ነኝ ካልክ አለቀ፤ ሾፌር ነኝ ካልክም አለቀ። «የመልክዓ ምድር አርክቴክት ነኝ» ያልክ ቀን ግን ጣጣህ ገና መጀመሩ ነው። «አትክልተኛ ማለትህ ነው?» ይሉሃል። አይደለሁም እያልክ ስታስረዳ፣ ስታስረዳ ትቆይና ሲደክምህ «አዎ» ትላለህ።

እኔ ደግሞ ጭራሽ የተቀጠርኩት ከመቀሌ ወጣ ብሎ በሚተከል የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነው። ሰናይትን ላገባ ሽማግሌ የላክሁት አጎቴን ነበር፤ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ጨርቅ ሲነግድ ያረጀ፣ አፈ ጮሌ ሰው። አባቷ አቦይ ሐጎስ «የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» ቢሉት፣ ያ አፈ ጮሌ «ነፋስ ላይ ይሠራል» ብሎልኝ አረፈው! አሁን ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጁን ለነፋስ ይድራል? «ሥራውን በዐይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» አሉ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ! መኪና ተውሼ ከመቀሌው ሮማናት አደባባይ ይዣቸው ወጣሁ። የኩሓን ከተማ እስክናልፍ ስለ ጥበቤ ስደሰኩር አፌ ደረቀ።

ኮረብታው ላይ ስንወርድ ነፋሱ ጋቢያቸውን ሊነጥቃቸው ይታገላል። አቦይ ያንን ግዙፍ ምሰሶ አንጋጠው አዩና፣ ይህን ያቆምከው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። መሐንዲሶቹ ናቸው አልኩ። ክንፉን የሚያዞረውስ? እሱማ የእግዜር ነፋስ ነው። «ታዲያ ያንተ የቱ ነው፣ ወደይ?» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

ስጠብቃት የነበረች ጥያቄ! ደረቴን ነፍቼ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆምኩ። ምሰሶ የጫኑ መኪኖች ኮረብታውን ሲቦጫጭሩት አፈሩን መልሼ ሣርና ቁጥቋጦ ያለበስኩት እኔ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን መሬት ውስጥ ያስቀበርኩት እኔ፤ ምሰሶዎቹ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ እንዳይገተሩ ከሁሉም ጋር የተጣላሁት እኔ! አቦይ ዐይናቸውን አጥብበው ቁልቁለቱን ሲያዩ ቆዩና ምንም አይታየኝም አሉ።

«እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ። «የኔ ሥራ እኮ በደንብ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ አይታይም!»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ብርድ አላበኝ።

አቦይ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ በሐዘኔታ አዩኝ። «ወደይ» አሉኝ፣ «እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሥራቸው የማይታይ ብዙ ሠራተኞች ነበሩኝ። ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ ሽማግሌ የላከብኝ ግን አንድም አልነበረም።»