ስንዴ ያለው ‹ሂ›

ሥርዓት የሚወድ ሰው በአገራችን አስቀድሞ የሚጣላው ከፊደል ጋር ነው። ለአንድ ድምፅ ‹ሀ›፣ ‹ሐ›ና ‹ኀ› የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች አሉን፤ ቤታቸው ግን ለየብቻ ነው። ሰው የቀረበለትን አንሥቶ ሲጽፍ ሳይ አንጀቴ ያርራል። «ምን ለውጥ አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ለውጡን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አይደለም፤ አዋሳ፣ የስንዴ ጆንያ ፊት ቆሜ ነው። (ተወላጆቹ በ‹ሀ› የሚጠሯትን ከተማ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያኔ በ‹አ› እንጽፋት ነበር፤ ይኼም ለብቻው ያበሽቃል።)

ጦርነቱ በተፋፋመበት ዓመት ከባሌና ከሲዳሞ ቆላ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሰፍረው፣ የእርዳታ ስንዴ የሚታደልበት የስም ዝርዝር ለእኔ ተሰጠኝ። የቀድሞው እደላ፣ እደላ ከተባለ፣ ክርኑ የበረታ የሚጠግብበት ግፊያ ነበር። ስለዚህ ሁሉም በስሙ የፊደል ተራ እንዲጠራ ወሰንሁ፤ ቀበሌው እንዳሻው የጻፋቸውንም ስሞች ሁለት ቀን ሙሉ በማስመሪያና በቀይ ቀለም አቃናሁ። አማረልኝ።

ስንዴው ግን ፊደል አልቆጠረም። ‹ተ› ላይ አለቀ።

ቀጣዩ መኪና የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ባሏ ግንባር የቀረ፣ ሦስት ልጆች ያንጠለጠለች ሴት መጥታ ጠረጴዛዬን ያዘች።

«እኅቴ፣ ‹ሀ›ን ከጠራሽ ቆየሽ። ሂሩትን ምን በላት?»

«ያንቺስ በ‹ኀ› ነው፤ ‹ኀ› ከ‹ተ› በታች ነው። ቀበሌው ተሳስቶ ነው በ‹ሀ› የጻፈሽ» አልኋት። አላበቃሁም፤ «ኂሩት በግእዝ ቸርነት ማለት ነው» ብዬ ፈገግ አልሁ።

ልጆቿን አየት አደረገች። ከትናንት ጀምሮ የቀመሱት ቆሎ ብቻ ነበር።

«ስለ ቸርነትሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ስንዴ ያለው የትኛው ‹ሂ› ነው? እሱን ጻፊልኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ ፊደል የጠገበም እንደዚያው ነው ለካ።

ለመጠባበቂያ ያስቀመጥኋቸው ጥቂት ጆንያዎች ነበሩ። የሚከፈቱት ዝርዝሩ ላይ ስሕተት ሲገኝ ብቻ ነው ብዬ የደነገግሁትም እኔው ነኝ። ዝርዝሬ ደግሞ፣ አያድርስባችሁ፣ አንዲት ስሕተት አልነበረባትም። ብዕሬን አነሣሁ፤ ‹ኂ›ን ሰርዤ ‹ሂ› ብዬ ጻፍሁ። እነሆ ስሕተት! በ‹ሀ› መጠራት የሚገባት ሴት ተዘላለች። መጋዘኑ ይከፈት!

ይኼን ጊዜ፣ ከጠዋት ጀምረው ጥግ ላይ ተቀምጠው ‹ፈ›ን ሲጠብቁ የነበሩት እማማ ፋጡማ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «የእኔንም ስም አበላሺልኝ።»

በዚያ መዝገብ ከ‹ተ› በታች ያለው ሕዝብ ሁሉ ስሙ በ‹ሀ› ይጀምራል፤ ስንዴውም በጣሳ በጣሳ ለሁሉም ተዳርሷል። ምናልባት መዝገቡ እጃችሁ ገብቶ ‹ሀፋጡማ› የሚል ስም ብታገኙ፣ አደራችሁን፣ እንዳታርሙት።