ቃል የማይገቡት የሰመመን ሐኪም

በእርስዎ ፋንታ የሚፈራ ሰው በየሆስፒታሉ አይጠፋም። ልብ የሚቀድደው ሐኪም እያፏጨ ይገባና "የልብዎን ቫልቭ ቀይሬ ወደ ቢራዎ እመልስዎታለሁ" ይላል። ከኋላው የሰመመን ሐኪሟ ትከተላለች፤ ምድጃ ሳታጠፋ ከቤት የወጣች ሴት ፊት ይዛ።

እዚህ ሉቤክ ከተማ የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ዶክተር ጉድሩን ሃርምሰን ናቸው።

"አቶ ቲምፔ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ አለዎት?"

"የሚቀደደው ልቤ አይደል እንዴ?"

"ቱቦው የሚገባው በአፍዎ ነው። ይክፈቱ።" በባትሪ አዩኝ። "ያንኮራፋሉ?"

ባለቤቴ ኢልዜ ቀደመችኝ፤ "የጎረቤት ውሻ መልስ ይሰጠዋል።"

አልሳቁም። ጻፉት።

"ግን እነቃለሁ አይደል?" አልኳቸው።

"ቃል አልገባም። አጠገብዎ እሆናለሁ።"

እንደወጡ ከጎኔ የተኛው ቡርማይስተር፣ ወሬ ካላወራ ደም ግፊቱ የሚነሳበት ሰው፣ ወደኔ ዘንበል አለ። "በሠርጋቸው ቀን ቄሱ 'እስከ ሞት ድረስ?' ቢላቸው 'ቃል አልገባም፣ እናያለን' አሉ አሉ።"

አመንኩት።

የኔ ጣጣ ሌላ ነው። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ፣ ልደቴ ረቡዕ። በአገራችን ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ መልካም ልደት ማለት ሟርት ነው። ኢልዜ ስለ ኬኩ ትንፍሽ አላለችም። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ስለ ዝናብ አውርቶ ሄደ። ለቅሶዬ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተጋደምኩ። ወይዘሮ ዶክተር ስሜን ጠየቁኝ። ደግመው ጠየቁኝ። የልቤን ትርታ ማሽኑ እየቆጠረው እሳቸውም ጣታቸውን ከእጄ አንጓ አላነሱም። ይህን ልብ ሊያቆሙት ነው።

"ወይዘሮ ዶክተር፣ ምናልባት ካልነቃሁ... መልካም ልደት ዛሬውኑ ይበሉኝ።"

ክው አሉ። "በፍጹም! ቀድሞ አይባልም! ነገ ራሴ መጥቼ እልዎታለሁ።"

"ቃል ነው?"

የማሽኑን ቁጥር አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ቃል ነው" አሉና ጭንብሉን ደፉብኝ፤ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ የቸኮሉ ይመስላሉ።

ረቡዕ ስነቃ ጉሮሮዬ አሸዋ የዋጠ ያህል ነበር። ከአልጋዬ አጠገብ የብስክሌት ቆብ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ዝናብ ያበሰበሳቸው ሴትዮ ቆመዋል።

"ዛሬ እኮ ዕረፍት ነዎት" አለቻቸው ነርሷ።

"መልካም ልደት፣ አቶ ቲምፔ" አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ወዲያው ባትሪያቸውን አወጡ። "በሉ አሁን አፍዎን ይክፈቱ፣ ጥርሱን ልየው።"

ሁሉም በቦታው ነበር። አንዱን ቢፈልጉት ግን ነቅዬ በሰጠኋቸው።