የተሾመ ብረት

ሾፌሩ ተሾመ፣ ሚስቱ አልማዝ፣ አከራያችን ኻዲጃና እኔ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ታንከር ውሃ እንቀዳለን።

ሐኪሙ ተሾመን «ቦርጭህ ካልቀነሰ መኪና አትነዳም» ቢለው፣ በሁለት የወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በቧንቧ አገናኝቶ፣ የድሮ ጎረምሶች የሚያነሱትን ብረት ሠራ። ብረት ሠርቶ የማያነሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እሱ ተደግፎት ጫት ይቅማል።

«መቼ ልታነሳው ነው?» አልኩት።

«ሙቀቱ ይብረድ እንጂ ጋሼ!»

ጅቡቲ ውስጥ መቼ ሊበርድ?

አንድ ቀን ግን ብረቱን እስከ ደረቱ ሲያነሳ አየሁና «ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ለካ የታንከሩን ክዳን ነፋስ እንዳይወስደው ሊጭንበት ኖሯል! ብረቱ ክዳኑን ሰብሮ ገባ፤ ታንከሩም ከሥሩ ተሰነጠቀ። በዚያ ሐሩር ጠብታ ውሃ አልተረፈንም።

አልማዝ «ሁለተኛ ስፖርት እንዳትሠራብን!» አለችው።

ቦርጩ ዛሬም እንዳለ ነው፤ መኪናም አይነዳም። የአንድ ቀን ስፖርቱ ግን አራታችንን አርባ ሺህ ፍራንክ አስወጣን።