ክፉ መሆን ያቃታቸው ጋሼ ዘገየ

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ አንድ አስታራቂ አይጠፋም። ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ጥሪ ሳይጠብቅ መሃል ገብቶ ቁጭ ይላል። የአምስተርዳሙ ኒው ዌስት ሰፈር ክቡር አስታራቂ ጋሼ ዘገየ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በማይክራፎን የተጣሉ ጊዜ፣ እሑድ ሳይደርስ ተኳራፊዎቹን በአንድ ማይክራፎን አዘምረዋቸዋል። ማን ምን እንዳለ አልጠየቁም። «ያለፈው አልፏል፤ በሉ ተቃቀፉ!» ይላሉ፤ አለቀ።

ይህ ጸጋቸው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ጉድ ያፈላባቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ተሰብስበው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ታሪክ እየፈጠሩ ዳይስ የሚጥሉበትን ጨዋታ ይጫወታሉ። ወጣቶቹ ጀግኖች ይሆናሉ፤ ጋሼ ታሪኩን ይመራሉ፣ ጀግኖቹ የሚገጥሙትን ክፉም ይሆናሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጋሼ ክፉ መሆን አይሆንላቸውም።

መንደር ያቃጠለው ዘንዶ ለካ ጥርሱን አሞት፣ የሐኪም ቀጠሮ ርቆበት ነበር። ሕፃናት የምትሰርቀው ጠንቋይ በመጨረሻ መዋለ ሕፃናት ከፈተች። ድልድዩን የዘጋው ሽፍታ ደግሞ ለቤት ተመዝግቦ ተራ ሲጠብቅ ያረጀ ምስኪን ሆኖ ተገኘ። ሁሉም፣ ዘንዶው ሳይቀር፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ። ሰይፍ የመዘዘ ጀግና ሁሉ ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ ተቃቀፈ።

«ጋሼ፣ አንተ ኤኽት፣ የምር ክፉ ሰው አይተህ አታውቅም?» አለ ከወጣቶቹ አንዱ፣ እዮብ፣ አንድ ቀን፤ እዚሁ ተወልዶ ስላደገ ደች ይቀላቅላል፣ አንቱታም አያውቅም። «ቀጣዩም ድንጋይ ከተሸከመ፣ እኔ ዴልፍት ከተማ ካሉት ልጆች ጋር ነው የምጫወተው።»

ጋሼ ደነገጡ። ለእዮብ ልባቸው ይሳሳል። ልጁ ከፋሲካ ወዲህ ኮስተር ማለቱን አይተዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁትም። ሳምንቱን ሙሉ፣ በሚሠሩበት መጦሪያ የአረጋውያን አልጋ ሲያነጥፉ ሳይቀር፣ ክፉ ሰው ሲፈልጉ ሰነበቱ። «ክፉ ነኝ» ብሎ የሚያምን ክፉ እንደሌለ ከሽምግልናቸው ያውቃሉ። እንግዲያስ ደግ ነኝ የሚል ክፉ ይሁን አሉና፣ ትራም ላይ ሳሉ መጣላቸው።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ንጉሥ ሰላሙ ብቅ አለ። ንጉሥ ሰላሙ ማንንም አይገድልም። በአገሩ ሁለት ሰዎች የተጣሉ እንደሆነ ፈገግ ብሎ ይመጣል፣ ያስተቃቅፋቸዋል፣ ዳግም እንዳይጣሉም አፋቸውን ይሰፋዋል። አገሩ ሰላም ነው፤ የሚናገር ሰው ግን የለም።

«ውይ፣ ይሄስ ያስጠላል!» አለች የቡድኑ ቀስተኛ ረሆቦት፣ በደስታ።

ጋሼ የልብ ልብ ተሰማቸው። የእዮብ ጀግና ከቀስተኛዋ ጋር ክርክር ሲጀምር፣ በንጉሡ ድምፅ ወደ እዮብ ዞረው፣ «በል ልጄ፣ ያለፈው አልፏል፤ ተቃቀፉ» አሉ።

እዮብ ተነሥቶ ቆመ። «አልጨረስኩም! ፋሲካ ላይ ከወንድሜ ጋር ስንጣላም አልጨረስኩም ነበር! አንድ ቃል ሳትሰማ ነው ተቃቀፉ ያልከን!»

ያንን ንጉሥ ከየት እንዳመጡት ለጋሼ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አፈሩ። የለመዱት ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጡት። ዳይሱን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እዮብ ሳብ አደረጉ።

«ጨርስ» አሉ፣ በገዛ ድምፃቸው።

እዮብ ጨረሰ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተናገረ፣ መሃል ላይም አለቀሰ። ጋሼ «እሱም እኮ» ሊሉ ሲቃጣቸው ከንፈራቸውን እየነከሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት። እንደሳቸው ላለ ሰው ይህ ከዘንዶ ጋር ከመግጠም ይብሳል። ማንንም ከማንም ጋር አላስተቃቀፉም።

ረሆቦት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እና ንጉሡን እንግደለው?»

እዮብ ዓይኑን ጠርጎ ጋሼን አየት አደረጋቸው፤ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ኤኽት ኒት! በፍጹም! እሱ ከሞተ ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ያናድደናል?»