ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ቃል አቀባይ

ፓርላማችን የተበተነው አንድ የአሸዋ መኪና መጥቶ ስለቆመ ነው። መፈንቅለ መንግሥት አልነበረም፤ ምርጫም አልደረሰም። መኪና ቆመ፣ አለቀ።

ሰው እንጀራ ሲያጣ ይሰደዳል፣ አለዚያም ይሰርቃል ይባላል። ሦስተኛም መንገድ አለው፤ መንግሥት ይመሠርታል። ወጣት ሳለን እኛ መሥርተናል። ከሮማናት አደባባይ ዝቅ ብሎ ሁለት የድንጋይ አጥሮች ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ የቀን ሠራተኛ ቀጣሪ የሚጠብቅበት ጠባብ መንገድ ነበር። ማልዶ የመጣ ጥላ ሥር ይቀመጥና መንግሥት ይሆናል፤ ያረፈደ ፀሐይ ላይ ይቀመጥና ተቃዋሚ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ማዶው አጥር ሲሻገር ሥልጣንም አብሮ ይሻገራል። ያለ ደም፣ በየቀኑ። የትኛው አገር እንዲህ ሲያደርግ አይታችኋል?

አፈ ጉባኤያችን አቦይ ገብሩ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ስለገፋ ማንም የማይቀጥራቸው፣ ግን ማለዳ የማይቀሩ ሽማግሌ። እርስ በርስ የምንሰዳደበው በትግርኛ ነው። ስብሰባው ግን በአማርኛ፤ ፓርላማን በቴሌቪዥን ያየነው በአማርኛ ነዋ።

እኔ የተቃዋሚው የክልል ጉዳዮች ቃል አቀባይ ነበርኩ። ሹመቱን ያገኘሁት ልጅ ሳለሁ ለጥጥ ለቀማ አፋር ድረስ ስለሄድኩ ነው፤ ሌሎቹ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከኲሓ አላለፉም። ስለ ጥጡ አልናገርም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ክልል የምንለው ሌሎቹን የሥራ መጠበቂያ ሠፈሮች ነው፤ ዓይደር አንድ ክልል፣ ቃላሚኖ አንድ ክልል።

"ቃላሚኖ ሕንፃ ሲጀመር መንግሥት የት ነበር?" እላለሁ።

"ጥላ ሥር!" ይላል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኪሮስ።

ያን ቀን፣ ከቀደመው ቀን ምሳ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ነበር። መኪናው ቆመ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከመኪናው ወርዶ ከሽማግሌው በቀር ሁላችንንም እንደሚፈልግ፣ ምሳም እንደሚያበላ ተናገረ። ኪሮስ ፊቴን አይቶ ኖሯል፣ ብድግ አለ።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ሁላችንም እንሂድ። ቃል አቀባዩ ደክሞታል፣ ጋቢና ይግባ። የመንግሥት አቋም ነው።"

እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር። የእኔም እግር ተነሥቶ ነበር። አፌ ቀደመው።

"ተቃዋሚን በጋቢና ሊገዙት ነው!"

ወገኖቼ አጨበጨቡ። ሞቀኝ። ስለ ዓይደር ተናገርኩ፣ ስለ ቃላሚኖ ተናገርኩ፣ ስለ ፍትሐዊ የጥላ ክፍፍል ተናገርኩ። አሁንም አጨበጨቡ። የሚያጨበጭቡት መኪናው ላይ ወጥተው እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው።

"ሓወይ፣ ትጭናለህ ወይስ ትሰብካለህ?" አለ ካቦው፤ "ወንድሜ" ማለቱ ነው።

"አሠራሩን እየተቃወምኩ ነው!"

"ና ውጣ እንጂ፣ ሓወይ!" ጮኸ ኪሮስ ከላይ። "ምሳውን በልተህ ተቃወም!"

"መጀመሪያ ድምፅ ይሰጥበት!"

ካቦው በሩን ዘጋ። አቧራው እስኪረጋ አቦይ ገብሩ በትዕግሥት ጠበቁ።

"ተቃውሞ ያለው?"

እጄን አወጣሁ።

"በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።"

ጥላው ባዶ ነበር። እኔ ግን ቦታዬ ፀሐይ ላይ ነውና እዚያው ተቀመጥኩ። እስከ ማታ ሌላ መኪና አልመጣም። እኔና አቦይ ገብሩ ቀረን።